ከጓሮ ያለችው ጎጆ፦ ስለ መገለል የተሠሩ ሁለት ፊልሞችና የሰበካ ጉባኤ ሥራ

በየአህጉረ ስብከቱ በሚካሄዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ሥልጠናዎች ላይ ፊልም ማሳየት እየተለመደ መጥቷል። ፕሮጀክተሩ ይቆማል፤ መስኮቱ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ተሰብሳቢው ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ይላል። ሲያበቃ ከንፈር ይመጠጣል፣ እንባ ይታበሳል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ጉባኤውም ወደ ተያዘለት አጀንዳ ይመለሳል። ፊልሙ ያሳየን ዓይነት ሰው ግን በዚያው በሰበካችን ወሰን ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ፣ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ የጥናት ጽሑፍ ስለ መገለልና ስለ አድልዎ ከተሠሩት ፊልሞች ሁለቱን መርጠን፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት እንዴት አድርገው ቢመለከቷቸው ወደ ሥራ ሊለውጧቸው እንደሚችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን። ሁለቱም በሀገራችን ምድር የተቀረጹ ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ እኛው መንደር ነው።

አንዳንድ አባቶች ፊልም የዓለም ጨዋታ ነው በማለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይሻሉ። ስጋታቸው ከንቱ ስላልሆነ ልናከብረው ይገባል። ቦታው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ሰንበቴ ቤት ይሁን፤ ሰዓቱም ከቅዳሴና ከማኅሌት ጋር አይጋጭ። ዐይቶ መማር ግን ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የቅዱሳንን ተጋድሎ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲያነብ ኖሯል። የበላዔ ሰብን ታሪክ እንኳ ስንቶቻችን ነን በመጀመሪያ ከመጽሐፍ ያወቅነው? ብዙዎቻችን ያየነው በሥዕል ነው፤ ያ ያን ያህል ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ በቁስል ለተመታ የተጠማ ድኻ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ። ሥዕሉን ልብ ብሎ የተመለከተ እንደሚያስተውለው፣ ሠዓሊዎቻችን የድኻውን ቁስል አልሸሸጉትም።

የመጀመሪያው ፊልም «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል፤ በአማርኛ «ወደ ውበት ጉዞ» ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ሲሆን አዘጋጆቹ ሜሪ ኦሊቭ ስሚዝና ኤሚ ቡቸር ናቸው። በወሊድ ፊስቱላ የተጎዱ አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከየመንደራቸው ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የሚያደርጉትን ጉዞ ይከተላል። ተዋናይ የለበትም፤ የሚያለቅሱት የራሳቸውን እንባ ነው።

ስለ ፊልሙ ከመናገራችን በፊት ሕመሙ ምን እንደሆነ በግልጽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙው ሐሜት የሚወለደው ካለማወቅ ነውና። ምጥ ሲበረታና ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ፣ እናቲቱ በጊዜ ወደ ሐኪም ካልደረሰች ምጡ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በእነዚያ ቀናት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ለስላሳ ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ይለቅቅና በፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜ ቀዳዳው ከዐይነ ምድር መውጫ በኩልም ይሆናል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ልትቋጥረው አትችልም። በምጡ ነርቯ የተጎዳባት ደግሞ እግሯን እየጎተተች ትራመዳለች። ልጅዋን በቀበረችበት ሳምንት ጤናዋን፣ ቀጥሎም ትዳሯን የምታጣ ሴት ናት እንግዲህ የምንነጋገርባት። የሕመሙ ምክንያት የተራዘመ ምጥና የሐኪም መራቅ ነው። ሰውነታቸው ሳይጠነክር የተዳሩ ልጃገረዶች በብዛት ይጠቁበታል፤ ይሁንና ሁለትና ሦስት ልጅ በደህና የወለደች እናትም ልትያዝ ትችላለች። መርገም፣ ቡዳ ወይም የዝሙት ዋጋ የሚያሰኝ አንዳች ነገር የለበትም።

ሆስፒታሉን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራልያ ወደ ሀገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 እስኪያርፉ ድረስ ኑሯቸው በዚያው ግቢ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ከታካሚነት ተነሥተው በዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ለመሆን የበቁት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በዓለም የታወቁ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ የመጡ ታካሚ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሥራቸው ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸልመዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ከአምስቱ ሴቶች አንዷ የምትኖረው ከእናቷ ቤት ጓሮ በተደገፈች አነስተኛ ጎጆ ውስጥ ነው። ባሏ ትቷታል፤ ሰው ሁሉ ይሸሻታል። ይህን ፊልም በውጭ ሀገር አዳራሽ የሚያይ ሰው እናቲቱን ጨካኝ ናት ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እኛ ግን መንደሩን ስለምናውቅ ሌላም ነገር እናያለን። እናቲቱ ልጇን ከቤቷ አራቀቻት እንጂ ከግቢዋ አላስወጣቻትም። ከልጇ ፍቅርና ከጎረቤት አፍ መካከል ቆማ ያገኘችው መፍትሔ ያቺ ጎጆ ናት። እኛ ከዚህ ፊልም ትልቁን ትምህርት ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። መገለልን የሚፈጽሙት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሥራችን በቀለለ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የምናየው ግን ዘመድ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ በዓል ሲደርስ ጠበል ጻድቅ የሚያካፍል፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ጾሙን የሚጾም ሰው ነው።

ይህ ሰው ለሚያደርገው ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሃይማኖት ቋንቋ ነው። «እግዚአብሔር ቢቆጣት ነው»፤ «ያላወቅነው ኃጢአት ቢኖራት ነው»፤ «የቤተሰቡ መርገም ነው»። የሽታውን መጥፎነት ሰው ይችለው ይሆናል፤ ሕፃን የሚያጥቡ፣ የአልጋ ቁራኛ የሚያስታምሙ እናቶች ባሉበት ሀገር ሽታ ብቻውን ሰውን ለዓመታት ከጓሮ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጣት ከሽታው ጋር የተሰጠው ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ ደግሞ የካህን ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ፊኛና ስለ ዳሌ አጥንት ልታስረዳ ትችላለች፤ «ይህ ቁጣ አይደለም» ስትል ግን መንደሩ የንስሐ አባቱን ፊት ያያል። ካህኑ ዝም ካለ ዝምታው እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ። ጌታችን የሰውየውንም የወላጆቹንም በደል እንደ ምክንያት አልተቀበለም። ልብ እንበል፤ ጠያቂዎቹ ፈሪሳውያን ሳይሆኑ ሐዋርያት ናቸው። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ታሪክ ደግሞ በማቴዎስ 9፣ በማርቆስ 5 እና በሉቃስ 8 ይገኛል። ከኋላ መጥታ፣ ተሸሽጋ የልብሱን ጫፍ ነካች። ጌታችን በሕዝብ መካከል ወደ ፊት እንድትቀርብ ያደረጋትና ልጄ ብሎ የጠራት፣ ከደዌዋ ጋር ከሰው ፊት መሰወሯንም ሊፈውስላት ነው ብለን ብንረዳ ከወንጌሉ መንፈስ የራቅን አይመስለንም። ይህን ክፍል በየዓመቱ እንሰብከዋለን። ከአድማጮቹ መካከል ግን ሽንቷ የሚፈስሳት ሴት የለችም፤ ከቤቷ አልወጣችምና።

እዚህ ላይ አንድ ስሱ ጉዳይ ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ሕመምተኛዋ ራሷ «እኔ ርኩስ ነኝ፣ ደጀ ሰላሙን መርገጥ አይገባኝም» ብላ ታምናለች። ወንድ የወለደች እናት 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤተ መቅደስ እንደምትቆይ ታውቃለች፤ የእርሷ ፈሳሽ ግን የሚያበቃበት ቀን ስለሌለው ቆይታዋም ማብቂያ የሌለው ይመስላታል። ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚወስነው የንስሐ አባቷና ከእርሱ በላይ ያሉት አባቶች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ ቀኖና ልንደነግግ አንሻም። ነገር ግን በቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ማስቀደስ፣ ስብከት መስማት፣ ጠበል መጠጣት፣ በንስሐ አባት መጎብኘት አልተከለከለችም። ካህኑ ወደ ጓሮዋ ሄዶ ይህን በአፉ ካልነገራት ማንም አይነግራትም። ጠበሉንና ሕክምናውን ማጋጨትም አያስፈልግም። በኤች አይ ቪ ዘመን ጠበል የሚጠመቁ ምእመናን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ማስተማራቸውን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። የፊስቱላውም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው የሚዘጋው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ሕክምናውም አብዛኛዎቹን ያድናል።

አብዛኛዎቹን እንጂ ሁሉንም አይደለም። የፊልሙም ሐቀኝነት ይህን አለመሸሸጉ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ አልቆመላትም። ተመልካቹ የሁሉንም ፈገግታ ሲጠብቅ የእርሷ ፊት ይቀርበዋል። ሥልጠና የሚሰጡ አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ይህን ክፍል ዘልለው ወደ መጨረሻው ደስታ ማለፍ ይወዳሉ። እኛ አንስማማም። ሰበካው የዳነችውን ሴት በእልልታ መቀበል አይከብደውም፤ ያልዳነችውን እንዴት እንደሚቀበላት ግን አስቀድሞ ካልተነጋገረበት ወደዚያችው ጎጆ ይመልሳታል።

ሁለተኛው ፊልም «ድፍረት» ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ይኸኛው ተውኔታዊ ነው፤ መነሻው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በእውነት የተፈጸመ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር፣ ሒሩት የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ለማምለጥ ስትል የጠላፊዋን ጠመንጃ አንሥታ ትገድለዋለች። ጥብቅና የቆሙላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በፊልሙ እርሳቸውን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

የፍርድ ቤቱን ክርክር ለሕግ ባለሙያዎች እንተወውና የሰበካ ጉባኤ አባላት ከዚህ ፊልም በተለይ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ እንዲያዩ እንመክራለን። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው በተራ ይናገራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቃል አያቋርጥም፤ በደም መፈላለግ እንዳይመጣ ከልባቸው ይጨነቃሉ። እንዲህ ያለውን ሥርዐት ብዙ ዘመናዊ ስብሰባዎች አላገኙትም። ነገር ግን ስለ ልጅቱ ዕጣ ሲመከር ልጅቱ በቦታው የለችም፤ ቃሏን የሚያቀርብላትም የለም። እኛስ በሰበካ ጉባኤያችን ስለ አንድ የተገለለ ሰው ስንወስን፣ ስለ ዕርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ስንነጋገር፣ ቃሉን የሚያሰማልን ማን ነው? ፊልሙን ለአፍታ አቁሞ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ማንሣት ለአንድ ከሰዓት ውይይት ይበቃል።

ካህናት ከዚህ ፊልም የሚወስዱት የራሳቸው ሌላ ድርሻ አላቸው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በገጠር የልጃገረዲቱን ዕድሜ የሚመሰክር ወረቀት ሲጠፋ፣ ዕድሜዋ እንደ ሠርጉ ፍላጎት ከፍና ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ በ80 ቀኗ ክርስትና ያነሣት ካህን ዓመቱን ያውቀዋል። የሰበካው የጥምቀት መዝገብ በሥርዐት ከተያዘ ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ ይጠብቃታል። መዝገብ መያዝ አሰልቺ ሥራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ፊስቱላን መከላከል ግን ከዚያም ይጀምራል።

«ድፍረት» ራሱ ለእኛ ለአዘጋጆች ያስተማረው ሌላ ቁም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በአዲስ አበባ በተዘጋጀው የመጀመሪያ ምርቃት ላይ፣ የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ወገን ባቀረበው አቤቱታ መነሻ ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ተመልካቹ ተበትኗል። በዚያ ክርክር ማን ትክክል እንደነበረ ለመበየን አንነሣም። ለእኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የተገለለን ሰው ታሪክ ለበጎ ዓላማ ስናወራም ታሪኩ የእርሱ እንደሆነ ይኖራል። ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ «በሰበካችንም እንዲህ ያለች እኅት አለች፤ ተነሥታ ትመስክር» ማለት፣ ስሟን በዐውደ ምሕረት መጥራት፣ ፎቶግራፏን በሪፖርት ላይ መለጠፍ ሌላ መግፋት ነው። ፈቃዷን ብትሰጥ እንኳ ዕርዳታ እንዳይቀርባት ፈርታ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት እንጨምር። በመጀመሪያ ኮሚቴው ብቻውን ፊልሙን ይየው፤ ሳያዩ ማሳየት አይገባም። በ«ድፍረት» ውስጥ የጠለፋና የግፍ ትዕይንት ስላለ ሕፃናት ባሉበት አይቅረብ፤ ለአዋቂዎችም አስቀድሞ ይነገር፤ ከተመልካቾቹ መካከል እንዲህ ያለው ነገር የደረሰባት ልትኖር ትችላለችና ስትወጣ ለምን ወጣሽ ተብላ አትጠየቅ። በዘጋቢ ፊልሙ የሐኪሞቹ ንግግር በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ሰው እያቆመ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳ። ለእናቶች ለብቻቸው ማሳየትና ውይይቱን አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንድትመራው ማድረግ ብዙ ይጠቅማል፤ ካህን ባለበት የማይነገር ነገር በዚያ ይነገራል። ለወንዶች ግን ካህኑ ራሱ ቢያወያይ ይሻላል፤ የሚፈታና የሚያባርር ባል የሚሰማው እርሱን ነው።

የውይይቱ ጥያቄዎች ከመንደሩ ኑሮ ይነሡ። በሰፈራችን «ሽንታም»፣ «ቆማጣ»፣ «ቡዳ»፣ «ፋቂ» የምንለው ማንን ነው? ሰንበቴ ሲወጣ ማን ይቀራል? ጽዋው ሲዞር ማንን ይዘልላል? ሸክላ የምትሠራው ጎረቤታችን ልጅ ስታጭ ምን ተባለ? የጌታችን አሳዳጊ ቅዱስ ዮሴፍ ጠራቢ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደነበሩ የሚሰብክ ሰበካ፣ የአንጥረኛውን ልጅ በሰበካ ጉባኤ አባልነት መርጦ ያውቃል? ከፊስቱላ ተነሥተን ወደ ሸክላ ሠሪዋ መድረሳችን መንገድ መሳት እንዳይመስል። ትርጓሜው አንድ ነው፤ በእጅ ሥራም ሆነ በደዌ ሰውን «የተለየ ፍጥረት» ማድረግ።

ከሁሉ በፊት ግን ፊልሙ ከመታየቱ አስቀድሞ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በብዙ ቦታ እንዳየነው፣ ፊልሙ በታየ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም ሲመሽ፣ አንዲት እናት ወይም አንድ ወንድም ወደ ንስሐ አባቱ ይመጣል፤ «ለአንዲት ዘመዴ ነው» ብሎ ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ካህኑ የሚቀርበው ሕክምና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ከዚያ ወደ የትኛው የፊስቱላ ማዕከል እንደሚላክ፣ ሕክምናውም በነፃ መሆኑን ማወቅ አለበት። የልማት ኮሚቴው ለመሳፈሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት ወይም ከሰንበቴው ቆጥቦ ያስቀምጥ። በአውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው እንዳያስወርዳት መለወጫ ልብስ፣ የሚደረብ ጨርቅና ላስቲክ ይዘጋጅላት። ብቻዋን አትሂድ፤ ከዳኑት አንዲት ካለች ከእርሷ ጋር ትሂድ፤ ከሌለች የሰንበት ትምህርት ቤቱ እናቶች አንዷን ይምረጡ። ሆስፒታሉ ታካሚዎቹን የሚሸኘው አዲስ ቀሚስ አልብሶ ነው። ያን ቀሚስ ለብሳ ስትመለስ ከአውቶቡሱ መውረጃ ማን እንደሚቀበላት፣ በመጪው ሰንበትም ከማን አጠገብ እንደምትቆም፣ ኮሚቴው ገና ሳትሄድ በቃለ ጉባኤ ይያዘው።